የማርሻል አርት ማውዝ ጋርድ፦ ስለ አመራረጡና በጥርስ ልክ ስለ መቅረጹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቴኳንዶ፣ ካራቴ፣ ቦክስ፣ ኪክቦክስና ሌላም የፍልሚያ ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች፣ እንዲሁም ልጆቻቸውን የሚያሠሩ ወላጆች ስለ ማውዝ ጋርድ (አፍ ውስጥ ገብቶ ጥርስን ከምት ስለሚከላከለው ሽፋን) ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነዚህ ናቸው። ሰፋ ያለ ቦታ የሰጠነው በሙቅ ውኃ ለስልሶ በጥርስ ለሚቀረጸው ዓይነት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚገዛው እሱን ነው፣ አብዛኛው ሰው የሚያበላሸውም እሱን ነው።

ሄድ ጋርድ አደርጋለሁ፤ ማውዝ ጋርድ ደግሞ ለምን?

የተለመደው ሄድ ጋርድ ግንባርን፣ ጆሮንና የጭንቅላትን ኋላ ይሸፍናል እንጂ አፍ ላይ ክፍት ነው። የፊት ጥርስ የሚሸረፈው በዚያው ክፍት ቦታ ነው፤ አቅጣጫ የሳተ ክርን፣ ተጠጋግቶ ሲያዝ የሚያርፍ ቴስታ፣ ከላይ ወደ ታች የወረደ እግር። ማውዝ ጋርዱ አንድ ጥርስ ላይ ሊያርፍ የነበረውን ምት ለብዙ ጥርሶች ያከፋፍላል፤ ከንፈርና ጉንጭም በገዛ ጥርስ እንዳይቀደዱ በመካከል ይገባል። ብዙ ሰው የማያስበው ግን የኋላውን ጥርስ ነው። ከአገጭ ሥር ወደ ላይ የተመታ ሰው የታችኛው መንጋጋው ከላይኛው ጋር በኃይል ይጋጫል፤ መንጋጋ ጥርስ የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ስለዚህ የፊት ጥርስን ብቻ የሸፈነ ማውዝ ጋርድ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው።

አንጎልን ከመናወጥ ያድናል የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ አትመኑት። ጥቅሙ ለጥርስ፣ ለከንፈር፣ ለምላስና ለመንጋጋ ነው። ተመትቶ የዞረበት ሰው ማውዝ ጋርድ አድርጎ ነበር ተብሎ ወደ ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) አይመለስም።

ፑምሴ ወይም ካታ (ያለ ተጋጣሚ ለብቻ የሚሠራ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል) ብቻ ለሚሠራ አያስፈልግም። ጁዶ፣ ጁጂትሱና ትግል ግን ቡጢ ባይኖራቸውም ጉልበትና ጭንቅላት ስለሚጋጭ ቢደረግ ይሻላል።

ስንት ዓይነት አለ? የትኛውን ልግዛ?

ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ከፓኬቱ ወጥቶ እንዳለ አፍ ውስጥ የሚገባው፣ የማይቀረጸው ነው። ጥርስ ላይ የሚቆየው ተነክሶ ስለተያዘ ብቻ ስለሆነ፣ ለመተንፈስ አፍ በተከፈተ ቁጥር ይወርዳል። የሚሸጠው በርካሽነቱ ነው፤ ለስፓሪንግ አንመክረውም።

ሁለተኛው በሙቅ ውኃ ለስልሶ በራስ ጥርስ የሚቀረጸው ነው። በብዛት የሚሠራው ኢቪኤ ከሚባል ለስላሳ ፕላስቲክ ሲሆን ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይበቃል፤ በደንብ ከተቀረጸ።

ሦስተኛው የጥርስ ሐኪም የጥርሳችሁን ልክ ወስዶ የሚያሠራው ነው። ሳይነከስ በራሱ ጥርስ ላይ ይቀመጣል፣ ለንግግርም ለትንፋሽም ይመቻል፤ ዋጋው ግን ከሁለተኛው ብዙ እጥፍ ነው። ዘወትር ለሚወዳደር፣ ጥርሱ ለተዛነፈ ወይም ለጎደለ ሰው ገንዘቡ የሚወጣበት ነው። ለሌላው ሰው ተጠንቅቆ የቀረጸው መካከለኛ ዕቃ፣ ቸኩሎ ካበላሸው ውድ ዕቃ ይበልጥበታል።

ሱቅ ስገባ ምኑን ልይ?

አዲስ አበባ ውስጥ ስታዲየም አካባቢ ባሉ የስፖርት ዕቃ ሱቆችና መርካቶ ይገኛል። መጀመሪያ ፓኬቱን እዩ። ያልተከፈተ፣ የአምራቹ ስም ያለበት፣ ስንት ሴኮንድ እንደሚነከር የሚናገር መመሪያ የያዘ መሆን አለበት። መመሪያ የሌለው ዕቃ በግምት ነው የሚቀረጸው። ሌላ ሰው «ልለካው» ብሎ አፉ ያስገባውን በፍጹም አትግዙ።

ከዚያ ውፍረቱ። ከፊት በኩል ወደ 3 ሚሊ ሜትር፣ የሚነከስበት ወለል ላይም ከተቀረጸ በኋላ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መቅረት አለበት፤ በላንቃ በኩል 2 ይበቃል። ሲቀረጽ መሳሳቱ ስለማይቀር ገና ከፓኬቱ ሲወጣ የሳሳውን ተዉት። ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን ደግሞ ጥበቃው ያን ያህል አይጨምርም፣ አፍ ግን ይሞላል። የፊት ግድግዳው የጥርሱን ቁመት ሸፍኖ ድድ ላይ ትንሽ መውጣት አለበት።

ልኩ ብዙ ጊዜ የልጅና የአዋቂ ተብሎ ይለያል፤ መለያው በአብዛኛው 10 ወይም 11 ዓመት አካባቢ ነው። ጠባብ አፍ ያለው አዋቂ የአዋቂውን ገዝቶ ከኋላ መቁረጥ ይችላል፤ የልጁን ገዝቶ ማስፋት ግን አይቻልም። ፓኬቱ ሲከፈት የቤንዚን ወይም የጎማ ሽታ የሚያውድ ከሆነ ይቅር። ከፊቱ ማሰሪያ የተንጠለጠለበት ከሆነ ማሰሪያው የአሜሪካን ፉትቦል ሄልሜት ላይ የሚታሰር ስለሆነ ለእኛ ስፖርት አይሆንም፤ የሚነቀል ከሆነ ንቀሉት።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይላክልኝ የምትሉ ከሆነ፣ ማሰሪያ የሌለውና በሙቅ ውኃ የሚቀረጽ፣ የልጅ ወይስ የአዋቂ እንደሆነ ለይታችሁ ንገሩት። እንደ ሾክ ዶክተርና ኦፕሮ ያሉት አምራቾች የታወቁ ናቸው። ለሻንጣ ቦታ ተብሎ ማሸጊያው ተጥሎ ዕቃው ብቻ እንዳይመጣ፤ መመሪያውን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ።

እንዴት ነው የሚቀረጸው?

ከመመሪያው ጋር የሚጋጭ ነገር ካገኛችሁ መመሪያውን ተከተሉ፤ በተለይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው በጣም ስስ የሆኑት የሚፈልጉት ከፈላ ውኃ ብዙ የቀዘቀዘ ውኃ ነው፣ በፈላ ውኃ ይበላሻሉ።

የሚያስፈልገው ትንሽ ድስት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን (በረዶ ከተገኘ ጥሩ)፣ ቀዳዳ ያለው ጭልፋ ወይም ሹካ፣ መስታወት፣ ፎጣና የስልክ ሰዓት ነው። ጥርሳችሁን ቀድማችሁ ቦርሹ፤ ሆዳችሁም ባይሞላ ይመረጣል።

ዕቃውን ገና ሳይሞቅ አፋችሁ ውስጥ ለኩት። ጫፉ ከመጨረሻው መንጋጋ አልፎ ድድ የሚወጋ ወይም የሚያቅለሸልሽ ከሆነ ከሁለቱም ወገን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር በመቀስ ቁረጡና እንደገና ለኩ። አንዴ የተቆረጠ አይመለስም፤ ጥቂት ጥቂት ነው። ከዚያ መስታወት ፊት ቆማችሁ የማስገባቱን እንቅስቃሴ ሁለት ጊዜ በደረቁ ተለማመዱ። ሲሞቅ ለማሰብ ጊዜ የለም።

ውኃው ዕቃውን ሙሉ በሙሉ ለማጥለቅ እንዲበቃ አድርጋችሁ አፍሉ። ሲንተከተክ ድስቱን ከእሳት አውርዱ። እሳት ላይ እንዳለ አትንከሩ፤ የድስቱ ታች ከውኃው ስለሚብስ ፕላስቲኩ ይጣበቅበታል። መመሪያው ላይ ለተጻፈው ሴኮንድ ንከሩት፤ ብዙዎቹ ከ20 እስከ 60 ሴኮንድ ይላሉ። መመሪያው ጠፍቶ ከሆነ በ30 ጀምሩ። ሲለሰልስ ጫፎቹ ዘንበል ማለት ይጀምራሉ፤ ተጠቅልሎ መውደቅ ከጀመረ አልፏል።

በጭልፋ አውጥታችሁ የተንጠለጠለውን የውኃ ጠብታ አራግፉ። ከንፈር የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ፕላስቲኩ ሳይሆን ያ ጠብታ ነው። ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ብቻ ነካ አድርጉትና አፋችሁ ውስጥ አስገቡ። መሐሉ ላይ ያለው ቅርጽ ከሁለቱ የፊት ጥርሶች መካከል ትክክል ይሁን። በሁለት አውራ ጣት ከኋላ ጀምራችሁ ወደ ላይ ግፉት፤ መንጋጋ ጥርሶች ገብተው ሲቀመጡ ይሰማችኋል።

አሁን ለስለስ አድርጋችሁ ንከሱ፤ እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚስተው። የታችኛው ጥርስ ጥልቀት የሌለው አሻራ ብቻ ነው መተው ያለበት። ከንፈራችሁን ዝጉ፣ አየሩንና ምራቁን በኃይል ወደ ውስጥ ምጠጡ፣ ምላሳችሁን ወደ ላንቃ ግፉ። በዚሁ ጊዜ በጣቶቻችሁ ከውጭ ላይኛውን ከንፈርና ጉንጫችሁን እየተጫናችሁ ከመሐል ወደ ኋላ ሂዱ። ይህ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይቆያል። ማኘክ፣ መንጋጋ ማወዛወዝ፣ «ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ የለም።

አውጥታችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለአንድ ሁለት ደቂቃ አቆዩት። ሳይቀዘቅዝ እጅ ላይ ከተገላበጠ ቅርጹ ይዛነፋል።

መመሪያው የተጻፈው ለውጭ አገር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ይለያል?

ትንሽ ይለያል። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ወለል ላይ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የሚፈላበት ሙቀት ወደ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ድሬዳዋ ላይ 96 ገደማ ነው።

ኢቪኤ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ስለሚለሰልስ 92 ዲግሪ ይበቃዋል። ችግሩ ያለው «ውኃው ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይቀመጥ» የሚል መመሪያ ሲያጋጥም ነው። ባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው የተሰላችው ያች አንድ ደቂቃ ደጋ ላይ ውኃውን ከሚፈለገው በታች ታወርደዋለች። አዲስ አበባና ከዚያ በላይ ባለ ከፍታ ከእሳት እንደወረደ፣ መንተክተኩ ሲቆም ንከሩት። አሁንም ደረቅ ካለ መንከሪያውን ጊዜ በ5 ወይም በ10 ሴኮንድ ጨምሩ። ወደ ቀዝቃዛ የሸክላ ሳህን ገልብጦ መጠቀምም ሙቀት ይሰርቃል፤ ድስቱ ውስጥ ይሁን። የፔርሙዝ ውኃ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ ከላይ ያለሰልሰውና ውስጡን እንደደረቀ ይተወዋል፣ ጥርሱ አሻራ ሳይተው ይቀራል። ማይክሮዌቭ አይሞከርም።

ዱባይ፣ ጅዳ ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ ግን የተጻፈውን ደቂቃ እንዳለ ጠብቁ።

በትክክል መቀመጡን በምን አውቃለሁ?

አፋችሁን በሰፊው ክፈቱ። እጅ ሳይነካው፣ ሳይነከስ ላይኛው ጥርስ ላይ መቆየት አለበት። ጭንቅላታችሁን ወዝውዙ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ዝለሉ። ከወደቀ አልተቀረጸም። በምላስ ስትገፉት መላቀቁ ግን ችግር የለውም።

ቀጥሎ ዝም ብላችሁ ግጠሙ። የግራና የቀኝ መንጋጋ እኩል ሊነካ ይገባል። በአንድ ወገን ብቻ የሚያርፍ ከሆነ ምቱ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል፣ በማግስቱም ጆሮ ሥር ያለው የመንጋጋ መጋጠሚያ ያማል። ከዚያ አውጥታችሁ ወደ መብራት ያዙት። የመንጋጋ ጥርስ ባረፈበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ብርሃን የሚያሳልፍ ጉድጓድ ካለ ተነክሶ ሳስቷል፤ እዚያ ላይ መከላከያ የላችሁም ማለት ነው። በመጨረሻ ከአንድ እስከ አሥር በድምፅ ቁጠሩ፤ ማስተራችሁ ሊሰማው በሚችል ድምፅ «ይቁም» ማለት ካቃታችሁ አስተካክሉት።

ላይኛውን ከንፈር ከድድ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ጅማት ላይ የሚጫን ከሆነ መሐሉን በትንሽ መቀስ ቆረጥ አድርጋችሁ የተገለበጠ ቪ ቅርጽ አውጡለት። ከተቆረጠ በኋላ የሚቧጭር ጠርዝ በጥፍር ሞረድ ይለሰልሳል።

ሳላሳካው ቀረሁ፤ እንደገና መቀቀል ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን በየጊዜው ይሳሳል። የተዛነፈ፣ ላላ ያለ ወይም ምጠጣው ያልተሳካ ከሆነ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ሞክሩ፤ ብዙዎቹ ኢቪኤዎች ሁለት ሦስት ሙከራ ይችላሉ። ተነክሶ የተበሳ ወይም የሳሳ ከሆነ ግን መቀቀሉ የጠፋውን ውፍረት አይመልስም። አዲስ ግዙ።

አፌ ሲገባ ያስመልሰኛል። ምን ላድርግ?

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የኋላ ርዝመቱ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ በላንቃ በኩል ያለው ግድግዳ። የመጨረሻውን መንጋጋ መሸፈን ግዴታ አይደለም፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ከሸፈነ ሥራውን ይሠራል። ከዚያ በላይ አሳጥሮ ክራንቻ አካባቢ ማስቀረት ግን የለም። ቁራጭ ሆኖ ወደ ጉሮሮ የመግባት አደጋም ያመጣል። የላንቃው በኩል ከሆነ ግድግዳውን በጥቂቱ ዝቅ አድርጉ።

ቁመቱ ትክክል ሆኖም ካስቸገረ ልምምድ ነው የሚፈታው። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን እያያችሁ ወይም ሰሃን እያጠባችሁ 15 ደቂቃ አድርጉት፣ በአፍንጫ ተንፍሱ። ለሃጩ መብዛቱም አፍ ምግብ የገባ መስሎት ስለሆነ በሳምንት ሁለት ሳምንት ይቀንሳል። በባዕድ ነገር የማይስማማ ሰው እንኳ በዚህ ይለምዳል።

የላይና የታች አንድ ላይ የተሠራው አይሻልም?

አይሻልም። መንጋጋን በአንድ ቦታ ቆልፎ ስለሚይዝ ትንፋሽ በመሐሉ በተተወች ቀዳዳ ብቻ ትሆናለች፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ተፋላሚው አውጥቶ ይይዘዋል። ለአብዛኛው ሰው የላይኛው ብቻ ይበቃል። የታችኛው መንጋጋቸው ከላይኛው ወጣ ያለባቸው ሰዎች ግን ለታችኛው ጥርስ ቢያሠሩ ይሻላቸዋል፤ ቀድሞ የሚመታው እሱ ነውና። ይህን በሱቅ ዕቃ ከመሞከር ሐኪም ማየት ያዋጣል።

ለልጄ ከስንት ዓመት ጀምሮ? በየስንት ጊዜውስ ይቀየራል?

ግንኙነት ያለው ፍልሚያ ከጀመረ ዕድሜው ስንትም ይሁን ያድርግ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ጊዜ አስቸጋሪ ነው፤ የወተት ጥርስ ይወልቃል፣ ቋሚው ይወጣል፣ ዛሬ ልክ የነበረው ከጥቂት ወራት በኋላ አዲሱን ጥርስ ይጫነዋል። በዚህ ዕድሜ ውድ ዕቃ መግዛት ትርፉ ኪሳራ ነው። ደህና የልጅ ልክ ያለው የሚቀረጽ ገዝታችሁ ጥርስ በወለቀ ወይም በወጣ ቁጥር እዩት፤ በስድስት ወር አንዴ መቀየር እንግዳ ነገር አይደለም።

ሙቅ ውኃውን ልጁ አይንካ። ጠብታውን ካራገፋችሁ በኋላ ዕቃውን በእጃችሁ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ነካ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ለእናንተ የሚያቃጥል ከሆነ ለእሱም ያቃጥላል። ልጆች «ንከስ» ሲባሉ ባለ በሌለ ኃይላቸው ነው የሚነክሱት። «ንከስ» አትበሉት፤ «ግጠምና እንደ ጁስ ምጠጥ» በሉት።

የሚነቃነቅ የወተት ጥርስ ያለበትን ልጅ አታስቀርጹት፤ እስኪወልቅ ጠብቁ።

ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) አስሬያለሁ። ምን ላድርግ?

የተለመደውን አትቀቅሉ። የለሰለሰው ፕላስቲክ ሽቦውና ብረቱ ሥር ገብቶ ይደርቅና ሲወጣ ብሬሱን ይዞት ይነሳል። ጥርሱም እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ የዛሬው ልክ ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ለብሬስ ተብለው የሚሠሩ፣ ከፊት ለብረቱ ቦታ የተተወላቸውና የማይቀቀሉ የሲሊኮን ማውዝ ጋርዶች አሉ። ካላገኛችሁ ብሬሱን ያሰረላችሁ ሐኪም ያሠራላችሁ። ለታችኛውም ብሬስ ካላችሁ ከንፈራችሁን የሚቀደው እሱም ስለሆነ ሁለቱን የሚሸፍን ጠይቁ።

አርቴፊሻል ጥርስ አለኝ፤ ጥርሴም በውኃው ምክንያት ቡናማ ነው። ችግር አለው?

ተነቃይ ጥርስ ከስፓሪንግ በፊት ይወጣል፤ ማውዝ ጋርዱም እሱ በሌለበት ነው የሚቀረጸው። ተሰብሮ ወደ ጉሮሮ ሊገባ ስለሚችል በዚህ ላይ ድርድር የለም። የተተከለ፣ ካፕ የለበሰ ወይም ወርቅ የተደረገለት ጥርስ ሊቀረጽበት ይችላል፤ ካፑ ላላ ካለ ግን ምጠጣው ሊነቅለው ስለሚችል ቀድማችሁ አስጠብቁ።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ እንደ ወንጂ፣ መተሐራና ዝዋይ ባሉ ቦታዎች ያደጉ ብዙ ሰዎች በውኃው ፍሎራይድ ምክንያት ጥርሳቸው ቡናማ ነው። ቀለሙ ብቻ ከሆነ ምንም አይደለም። ገጹ ጎድጎድ ያለና የሚሸራረፍ ከሆነ ግን የጥርሱ ሽፋን ደካማ ነው፤ በቀላል ምት ይሰበራልና ያለ ማውዝ ጋርድ ቀላል ስፓሪንግ እንኳ አትግቡ።

የጥርስ ክሊኒክ ሄጄ ማሠራት ብፈልግ ምን ልበል?

«ለስፖርት የሚሆን፣ ለስላሳ፣ በኢቪኤ የሚሠራ» በሉ። ይህን ካልለያችሁ ሌሊት ጥርሳቸውን ለሚያፋጩ ሰዎች የሚሠራው ደረቅ አክሪሊክ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ሊሰጣችሁ ይችላል። እሱ የተሠራው ለመፋጨት እንጂ ለምት አይደለም፤ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ስብርባሪውም አፍ ውስጥ ነው የሚቀረው።

አሠራሩ ቀላል ነው፦ በአልጂኔት (አፍ ውስጥ ገብቶ በሚረጋ ሊጥ መሰል ነገር) የጥርሳችሁ ልክ ይወሰዳል፣ ከጂፕሰም ሞዴል ይወጣለታል፣ የጋለ የኢቪኤ ሉህ በቫኪዩም ወይም በግፊት ማሽን ሞዴሉ ላይ ይለበጣል። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ማሽኑ አላቸው ወይ፣ ሉሁ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ሉሁ ሲለጠጥ ስለሚሳሳ በ3 ሚሊ ሜትር ሉህ ተጀምሮ የፊቱ 3 ሆኖ አይቀርም። ለፍልሚያ ስፖርት 4 ሚሊ ሜትር ወይም በሁለት ንብርብር የተሠራ ይሁን። ስትረከቡ እዚያው አድርጋችሁ ግጠሙ፤ እኩል ካላረፈ ሳትወጡ ይስተካከል።

ለውድድር የቀለም ደንብ አለ?

አለ። በወርልድ ቴኳንዶ ደንብ ነጭ ወይም ግልጽ ነው የሚፈቀደው። በአማተር ቦክስ ቀይ ወይም ቀይ የተቀላቀለበት አይፈቀድም፤ ዳኛው ደምን ከቀለሙ መለየት አለበት። በወርልድ ካራቴ ፌዴሬሽን ውድድሮች ማድረጉ ግዴታ ነው። እሳት፣ የነብር ጥርስና ባንዲራ የተሳለበት ለልምምድ ያምራል፤ መወዳደር የምታስቡ ግን ከመጀመሪያው ግልጹን ግዙና ልመዱት። አዲስ ማውዝ ጋርድ የውድድር ዕለት አይጀመርም።

እንዴት ልጠበው፣ የት ላስቀምጠው?

ከመደረጉ በፊትና እንደወጣ በቀዝቃዛ ውኃ ይለቅለቅ። ጂሙ ውስጥ ውኃ ከሌለ የሃይላንድ ውኃ ይዛችሁ ሂዱ። ቤት ስትደርሱ በለስላሳ ብሩሽና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፤ የጥርስ ሳሙና አሸዋማ ስለሆነ ይቧጭረዋል፣ ጭረቱ ውስጥም ቆሻሻ ይሸሸጋል። ሙቅ ውኃ ቅርጹን ያጠፋዋል። በረኪና አይሞከርም፤ አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫም ፕላስቲኩን ያደርቀዋል። ከደረቀ በኋላ ቀዳዳ ባለው ሳጥኑ ውስጥ ይግባ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ማውዝ ጋርድ ያለቀለት ነው። ውሻ ያላችሁ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ የባለቤቱን ምራቅ የጠገበ ፕላስቲክ አግኝቶ የሚያልፍ ውሻ የለም።

ለጓደኛ ማዋስ የለም፤ ምራቅ ብቻ ሳይሆን ደምም አለበት፣ ሄፓታይተስ ቢ በደም ይተላለፋል። «ቀቅዬ እሰጠዋለሁ» የሚለውም አያዋጣም፤ ለማለስለስ የሚበቃው የአንድ ደቂቃ ሙቀት ጀርም ለመግደል አይበቃም።

መቼ ነው የሚጣለው?

በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በዓይን ነው የሚታወቀው። ሲሰነጠቅ፣ ሲበሳ፣ ሲላላ፣ ጠርዙ ተቀዳዶ ድድ ሲያቆስል፣ ታጥቦም ሽታው አልለቅ ሲል። አዘውትሮ ስፓሪንግ ለሚያደርግ አዋቂ የሚቀረጸው ዓይነት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይሄዳል። በየእረፍቱ እንደ ማስቲካ የሚያኝከው ሰው ግን በሁለት ወር ይጨርሰዋል። ጥርስ ካስነቀላችሁ፣ ካስሞላችሁ ወይም ካፕ ካስገባችሁም ልኩ ስለተለወጠ እንደገና ለኩት።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጥርስ ቢወልቅስ?

መጀመሪያ ሰውየውን እዩ። ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ካስመለሰው፣ የሚናገረው ከተዘበራረቀ ወይም መንጋጋው አልገጥም ካለ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው፤ ጥርሱ ሁለተኛ ነው።

ደህና ከሆነ ጥርሱን ፈልጉ። ነጩን ክፍል ብቻ ያዙ፤ ሥሩ አይነካ፣ አይፈተግ፣ በሶፍት አይጠረግ። ሥሩ ላይ ያለው ስስ ሕያው ሽፋን ነው መልሶ የሚያጣብቀው። ከቆሸሸ በወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ለ10 ሴኮንድ ያህል ብቻ አለቅልቁ። ቋሚ ጥርስ ከሆነና ሰውየው ከነቃ በትክክለኛው አቅጣጫ ወደ ቦታው መልሱት፣ ንጹሕ መሐረብ ለስለስ አድርጎ ይንከስ። መመለስ ካልተቻለ ከቅርብ ኪዮስክ የታሸገ ነጭ ወተት ገዝታችሁ ውስጡ አስገቡት። ወተት ከሌለ አዋቂ ሰው በጉንጩና በድዱ መካከል ሊይዘው ይችላል። በደረቁ ሶፍት ጠቅልሎ ኪስ መክተት ወይም ውኃ ውስጥ ማቆየት ጥርሱን ይገድለዋል። በ30 ደቂቃ፣ ቢዘገይ በአንድ ሰዓት ውስጥ የጥርስ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት፤ መንገድ ላይ እያላችሁ ደውላችሁ ክፍት መሆናቸውን አረጋግጡ። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም፤ ሥሩ የሚመጣውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳዋል።

የተሸረፈ ጥርስ ቁራጭም በወተት ይያዝ፤ ብዙ ጊዜ መልሶ ማጣበቅ ይቻላል። ቁራጩ ካልተገኘና ከንፈር ከተቀደደ ሐኪሙ ከመስፋቱ በፊት ቁስሉን እንዲፈትሽ ንገሩት፤ ከንፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ጥርሱ መሬት ነክቶ ከሆነ የቴታነስ ክትባት መቼ እንደተከተባችሁም ይጠየቃል።